ሌላው በረኛ

እኔም በረኛ ነኝ፤
ጓንት አላጠልቅም፣ ማሊያም የለኝ።
የሜዳው በረኛ ኳስ ይመልሳል፣
የኔ ብረት ዞሮ ሰው ያሳልፋል።
ከአበርዲን በታች፣ የባሕር ወፍ ከሰው በሚበዛበት፣
ሦስተኛው መግቢያ፣ ዝገቱ ሲዞር በሚያቃስትበት፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሜያለሁ፣ ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ፣
ትኬት ስቀድ፣ ፊት ሳነብ፣ በየመሐሉ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ።

ፓይ ሻጩ ፈርገስ ይምላል፤
«የድል ቲፎዞን በዓይኔ እለያለሁ» ይላል።
«የማሊያው የፋብሪካ እጥፋት ገና ደረቱ ላይ ይታያል፣
ጎል ሲገባ ጎረቤቱን አይቶ ይነሣል፣
የግራ ተመላላሹን ስም ብትጠይቀው ምራቁን ይውጣል።
ስንመራ ‹እኛ› ይለናል፤ ስንመራ ‹እነሱ› ይለናል።»
(ሁለተኛውን አጥብቀህ አንብበው፤ ነገሩ ያኔ ይገባሃል።)

እኔም አምኜው ነበር። ምስክሬ ያ የወረድንበት ዓመት፤
ኅዳር፣ ማክሰኞ ማታ፣
ዝናቡ ከላይ መውረድ ሰልችቶት በጎን ሲማታ፣
ስድስት ለዜሮ ልንረታ፣
በሦስተኛው በር ስንት ሰው ገባ? ሠላሳ አንድ።
ከነሳላቸው አውቃቸዋለሁ፣ አንድ በአንድ።

መረብ ጠጋኙ ዱጋልድ ነበር ሁሌ የሚቀድመው፤
የሚያፈስ ጫማውን በጋዜጣ ጠቅጥቆ፣
ያለፈውን ሳምንት ሽንፈት በተረከዙ ጨፍልቆ።
«ለምን ትመጣለህ?» አልኩት፣ ውሃው ከቆቡ ጫፍ ሲወርድ፤
አየኝ፣ እንደ እብድ።
«ዓሣ ጠፋ ተብሎ ባሕር ባሕርነቱን ይተዋል?» አለ፣
ብረቱን በሆዱ ገፋና፣ ሽንፈቱ እንዳያመልጠው ቸኮለ።

ደግሞ አንድ ጥር መጣ። እግዜር ይሁን ዕጣ፣
አንድ ሀብታም ክለብ ከነአውቶቡሱ ወደኛ ጭቃ መጣ፤
በዘጠናኛው ደቂቃ ኳስ ምሰሶ ስማ ገባች፣
ከተማዋም በማግሥቱ «ከልጅነቴ ጀምሮ!» ብላ ተነሣች።
ለቀጣዩ ዙር ሰልፉ ወደቡን አልፎ ዞረ፣
ቄሱ ስብከቱን አሳጠረ፣
የአንገት ልብስ አልቆ፣ አረንጓዴ የወጥ ቤት ፎጣ አንገት ላይ ታሰረ።

ከዚያ ሁሉ መሐል አንዲት ልጅ፣ ኢሽቤል፣ ዋጋው ያልተቆረጠ ኮፍያ ደፍታ፣
«የኛ የትኞቹ ናቸው?» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በይሉኝታ።
ትኬትም የላት።
ፈርገስ ከምድጃው ጀርባ ጠቀሰኝ፤ «ያዝናት!»
ዱጋልድ ግን ሰማት፣
የራሱን ትኬት እጇ ውስጥ አስጨበጣት።

እሱ ከኔ ጋር ውጭ ቀረ። ግድግዳውን በጆሮው ተደገፈ፤
«በግራ ሄዱ… ተሻማ… ከላይ አለፈ…»
ጩኸት ሰምቶ ጨዋታ ያነባል፣
ጎል ሲገባብን ከሕዝቡ ቀድሞ ዝም ይላል።
አምስት ገባብን። በሰባኛው ደቂቃ በሬ ወደ ውጭ መዞር ጀመረ፣
ፎጣው ሁሉ ወደየወጥ ቤቱ በረረ።
ልጅቷ መቼ እንደወጣች አላየሁም፤
ሲወጡ ትኬት አይቀደድም።

ዘንድሮ። ኅዳር፣ ማክሰኞ፣ ያው ዝናብ በጎኑ።
ዱጋልድን መስከረም ላይ ቀበርነው፤ ጥቂት ነበሩ የሸኙ።
በልማድ ቆጠርኩ፦ ሠላሳ አንድ።
ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩ፣ ጣቴን እያጠፍኩ፣ አንድ በአንድ።
አልጎደለም።
አንዷ በጣም ረዝማለች፤ ስለ ኮፍያው አልጠየቅኳትም፤
ውሃዋን አራገፈች፣
የግራ ተመላላሹን በስሙ እየረገመች ገባች።

ፈርገስ ዛሬም ይምላል።
እኔን ግን ሌላ ነገር ያሳስበኛል፦
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በሰዓት እየተከፈለኝ፣
አንድ ጎል በዓይኔ ሳላይ፣ ሲገባብን ግን ጀርባዬን እያመመኝ፣
እኔንስ፣ በየትኛው በር፣ ማን ትኬት ቀዶ ያሳልፈኝ?