የሮሄልዮ ዱቤ

ኢሎኢሎ ወደብ፣ ጂፕኒው ከሚቆምበት፣
ሊጋያ ሱቅ አላት፣ ሽቦ የታጠረበት፣
መስኮት የሚያህል።
በፍሬ ሲጋራ፣ በችርቻሮ ሳል፣
ሃያ ዓመት ሸጣለች። ልጅ በምን ያድጋል?

ባሏ ሮሄልዮ ከፓኮው ነጥሎ፣
ክብሪት ይጭር ነበር፣ «መዝግቢው ዱቤ» ብሎ።
መዘገበች እሷም።
ሐኪሙ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቀለ፤
አንዲት ነጭ ነጥብ ነክቶ፣ ዝም አለ።
ደብተሩ እዚያው ቀረ፤ ከፋዩ ግን የለ።

ዘንድሮ አዲስ ቀረጥ ወጣ ከማኒላ።
«መንግሥት ጉሮሯችንን አንቆ ሊበላ!»
አለ ሹፌር ኔስቶር፤ ሳንቲሙን ቆጠረ፤
ደግሞ ቆጠረና፣ ባዶ እጁን በረረ።
እሷም አኩርፋለች፤ ትርፉ ቀንሷላ።

ትናንት ግን አመሻሽ፣
የኔስቶር ትንሹ ልጅ፣ ጢም ያላበቀለ፣
ላብ ያራሰው አምስት ፔሶ ይዞ መጣ፤ «ለአባቴ ነው» አለ።
ውሸት።
ዋጋውን አነበበ።
ጆሮውን አከከና ሐሳቡን ቀየረ፤
ስኳር የነካው ጥብስ ሙዝ ገዝቶ፣ ጣቱን እየላሰ ዞረ።

ሊጋያ ቀለሟን አወጣች ቀስ ብላ፤
አዲሱን ዋጋ ሰርዛ፣ ጻፈች ደግሞ ሌላ፤
ከማኒላው ቀረጥ በላይ አንዲት ፔሶ፣
የሮሄልዮን ዱቤ።