የነዚፍ ደብተር

ከሂርማታ ወጣሁ ጎህ ሳይቀድ በማለዳ፣
በወንድሜ ሞተር፣ በወንድሜ ዕዳ።
ኮርቻው ተቀዶ በፕላስተር ታስሮ፣
መስታወቱ አንድ ነው፣ ሌላው ጠፍቷል ድሮ።
እኔ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ሠራተኛ፣
ከወንበር በቀር ሌላ ያልጋለብኩ መንገደኛ፣
ደብተሩን በደረቴ፣ ሌሊቱን አንብቤ፣
ገጽ በገጽ፣ ስም በስም ቋጥሬው በልቤ፦

   አባ ዲጋ — የጎማ፣ ስድስት መቶ።
   ዘይነባ ሱቅ — ባትሪና ሳሙና፣ ሰማንያ።
   የሩዟ ሴትዮ —

እዚህ ጋ ቁጥር የለም። እስክሪብቶው ቆሞ
ነጥብ ብቻ ቀርቷል፣ ቀለም ተሸክሞ።

አስፋልቱ ሲያበቃ ቀዩ ጭቃ መጣ፤
የኋላ ጎማዬ ከመስመሩ ወጣ፤
ወደቅኩ፣ ተነሣሁ፣ ደግሜም ወደቅኩኝ፤
«ነዚፍ፣ በዚህ ነው ወይ?» ብዬ ጠየቅኩኝ።
ክረምቱን ሁሉ እንዴት፣ ሌሊቱን ሁሉ እንዴት
ወጣኸው ይህን ዳገት?

ድምፁን ያውቁት ኖሯል። ገና ከዴዶ ማዶ
ጭስ ማውጫው ሲያስል ሰው ከየቤቱ ወርዶ፣
አንዱ የሞተ ስልኩን ሊያስሞላ ይዞ፣
ሌላው የመድኃኒት ማዘዣውን መዝዞ፣
አንዷ ጀሪካኗን እንደ ልጅ አዝላ —
ፊቴን እስኪያዩ ነው። ዝምታ ከዚያ ኋላ።

ከሦስተኛው መንደር ሞተሩን አጥፍቼ
ገፋሁት በእግሬ፣ ድምፁን ፈርቼ።

አባ ዲጋ ቆጠረና ቀና ብሎ አየኝ፤
«ዘጠኝ መቶ ነበር፣ ልጄ» ብሎ ነገረኝ።
ሟች መጥቶ አይሟገት። ጨምሬ ሰጠሁት፤
ስሄድ መስታወት ውስጥ ሲያለቅስ አየሁት፣
ያው በአንዱ መስታወት።

ዘይነባ ሱቋን ዘግታ ሰርግ ሄዳለች አሉኝ፤
ሰማንያ ብሯን በበሩ ሥር ጣልኩኝ።

ከዚያ ቁልቁል ሆነ። ጉም ነበር። ጉም አልቆ
ሸለቆው ተከፍቶ፣ ከታች ጎጀብ ርቆ፣
ተራራው እርከን በእርከን ተቆርጦ፣ ተሠርቶ፣
በየእርከኑ ውሃ ሰማይ ተኝቶ።
ሩዝ ነው። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበር፣
ጅማ ተወልጄ፣ ጅማ ስኖር ስኖር፤
በኪሎ ነው የማውቀው፣ በላስቲክ ተቋጥሮ፣
እንጂ እንዲህ አረንጓዴ፣ እግሩን ውሃ ነክሮ።
መንገዱ የማሳ ድንበር፣ ከጎማ የጠበበ፤
ሞተሩ እንደ በቅሎ እርምጃውን አሰበ።

ሴትየዋ ውሃ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ
ችግኝ ትተክላለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ።
«ዛሬስ ዘገየህ» አለች ቀና ሳትል።
ምን ልበላት? ምን ልበል?
የሞተሩ ብረት ይንጣጣል ሲበርድ፤
ያዘልኩት መርዶ ግን እምቢ አለኝ ሊወርድ።

«ወንድሙ ነኝ» አልኳት።
                    ዞረች። አየችኝ። ገባት።
እጇ ላይ የነበረውን እስር ችግኝ ተከለችው፤
እሱን ጨርሳ ነው ፊቷን ያጠበችው።
ሚስኪያ ነው ስሟ።

«ስንት ነው?» አልኳት ደብተሩን ዘርግቼ።
«ገንዘብ አይደል» አለች። «ይኼን ሞተር ነድቼ
ዳገቱን እንድወጣ ሊያስተምረኝ ነበር፣
ችግኝ ሲተከል፣ ሐምሌ ሲጀመር።»

እኔ የማላውቀውን ምን ብዬ ላስተምር?
«ይህ ፍሬን፣ ይህ ክላች፤ ቀስ ብለሽ ልቀቂው፤
ስትወድቂ ሽሺ፣ አደራ፣ አትቀፊው።»
ሁለቴ ጠፋባት። በሦስተኛው ነካች፤
ድንበሩን በሙሉ ሳትወድቅ ጨረሰች፤
ከእኔ ተሻለች።
ትመለሳለች ስል ዳገቱን ጀመረች።

የተረፈውን እስር አንሥቼ ውሃ ውስጥ ገባሁ፤
በጠማማ መስመር አንድ አንድ እየተከልኩ ሰማሁ፦
ያ ሳል ወደ ላይ ሲወጣ ከመንደር መንደር፣
ውሻ ሲጮህ፣ ልጅ ሲጮህ፣ ሲከፈት የበር፣
ጀሪካን ሲንኳኳ።

ዝምታውን ጠበቅኩ።
ጠበቅኩ።
ችግኙ አለቀ።