በደሃ ደንብ

በአባቴ ዘመን "በሕግ አምላክ!" ማለት ክፍያ አልነበረው፤
የሚሮጠውን ሰው መሐል መንገድ ላይ ቃል ብቻ ነበር የሚያስረው።
እኔ ግን ቃሊቲ፣ ከመዝገብ ቤት መስኮት ክሴን ብዘረጋ፣
ልጁ ካልኩሌተር ነካክቶ ነገረኝ የዚያን ቃል ዋጋ።

"መቶ ሰማንያ ሺህ ነው የጠየቅሽው፤ ዳኝነቱ በዚያ ይሰላል።
ይኸው፤ ይህን ከፍለሽ ደረሰኝ ስታመጪ መዝገብ ይከፈታል።"
ቁጥሩን አየሁት።
ይህ ብር ቢኖረኝ እዚህ ምን አቆመኝ?
የከሰስኩት ሰው ነው የወሰደብኝ።

የስድስት ዓመት እቁብ፣ የማታ ፈረቃ፣ የሸሚዝ እጅጌ፣
ተጠቅልሎ ገባ ተካልኝ ደላላው ኪስ ውስጥ፣ ቤት አገኘሁ ብዬ።
ገላን ላይ አንዲት ክፍል፤ ቆርቆሮዋ አዲስ፣ በሯ ሰማያዊ ቀለም።
ቁልፌን ይዤ ብሄድ ሦስት ሰው ቆሟል ደጃፏ ላይ፣ አንዱም አንዱን አያውቅም፤
ሦስቱም ቁልፍ ይዘዋል።

ፋብሪካው በጥር ወር "ትእዛዝ ቀርቷል" ብሎ ማሽኑን ሸፈነ።
ስንብቴም አንድ ላይ አልመጣ፤ በየወሩ ቁራጭ፣ በየወሩ ጥቂት ሆነ።
የወረዳው ሰውዬ ይህችኑ ቁራጭ አገላብጦ አይቶ፣
"ስንብት እያገኘሽ ደሃ ነኝ ትያለሽ?" አለኝ ቅንድቡን አንሥቶ።
"ስንብት ማለት" አልኩት፣ "ደህና ሁኚ ማለት፤ ሰው በር ላይ ሲለያይ።
ደህና ሁኚን በልቶ የጠገበ ሆድ የት አገር ነው የሚታይ?"
ሳይስቅ አልቀረም። ማኅተሙን እፍ ብሎ፣
"ሦስት ምስክር አምጪ" አለኝ፣ "ድህነትሽን የሚናገር ምሎ።"

ምስክር ከየት ይምጣ?
እኔ ድህነቴን ደብቄ የኖርኩ፣ ደጅ እንዳይወጣ።
ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ መታወቂያ ባንገቴ፣ ምሳ ዕቃ በእጄ፣
ከአራተኛ ፎቅ እወርዳለሁ እንደ ሠራተኛ ማልጄ፤
ከአስፋልቱ ማዶ ባሕር ዛፎቹ ሥር እስኪመሽ ተቀምጬ፣
ማታ እመለሳለሁ ወገቤን እያሸሁ፣ ሥራ የዋልኩ መስዬ፣ ደረጃ ረግጬ።

ያንን ሁሉ ትያትር ለማን ልናዘዝ? አንኳኳሁ፣ አፈርኩኝ።
እትዬ ጀማነሽ ነጠላ ደርባ "ቀኑ መቼ ነው?" ብቻ ነው ያለችኝ።

ችሎቱ ጠባብ ነው። ዳኛዋ ወጣት ናት፣ ጉንፋን ይዟታል።
"ቴሌቪዥን አላት?" "አላት፤ አይሠራም።" "ሌላስ?" "ፍራሽና ሁለት ወንበር ይመስለኛል።"
"ደሃ መሆኗን በምን ያውቃሉ?"
እትዬ ጀማነሽ የማለችበትን እጇን ገና አላወረደችም፤
ወደኔ አላየችም።
"ግድግዳችን አንድ ነው፣ ክብርት ዳኛ፣ ደረጃችንም አንድ።
በፊት ስትወርድ ምሳ ዕቃዋ ድምፅ የለውም፤ ሙሉ ነው፣ ከባድ።
ከጥር ወዲህ ግን
ከላይ እስከ ታች ማንኪያዋ ይጮኻል፤
ሙሉ ዕቃ እንዲህ አይልም። ፎቁ ሁሉ ሰምቷል።"

ፎቁ ሁሉ።
ዘበኛው ጋሽ ገመቹ ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።
ምን እንዳለ አልሰማሁም፤
ጆሮዬ ውስጥ ያ ማንኪያ እየወረደ ነበር፣ ደረጃ በደረጃ።
ሦስተኛው ምስክር ቀረ። ዳኛዋ "ሁለቱ ይበቁኛል" አለች፣ አስነጠሳት።

"በደሃ ደንብ ይታይላት" ተባለ። ዋናው ክስ ገና ለኅዳር ተቀጥሯል።
ተካልኝን ማን ያገኘዋል? መጥሪያው በየትኛው በር ይገባል?
ብቻ መዝገቡ ተከፍቷል።

ታክሲ ውስጥ ረዳቱ "ሒሳብ!" ሲል እትዬ ጀማነሽ ቀደመችኝ።
አላመሰገንኳት። እሷም መስኮቱን እንጂ እኔን አላየችኝ።

በማግስቱ ሥራ ፍለጋ ወጣሁ፣ ምሳ ዕቃዬን ትቼ።
ሁለት ደረጃ እንኳ ሳልወርድ በሯን ገርበብ አድርጋ፣
"ዛሬ ድምፅሽ ጠፋ" አለች፣ "በደህና ነው የነጋ?"