ያልወረደው ናዳ

ሦስት ቀን ሙሉ ሰማይ ሲዘረግፍ ሰንብቶ፣
ቧሂት ነጭ ለበሰ፣ ጥቁር አለቱ ጠፍቶ።
እንዲህ ያለ በረዶ አባቴም አላየ፤
ጅብራው እስከ አንገቱ ተቀብሮ ታየ።
ጨነቅ ነው ሰፈሩ፤ ስም ያወጣለት ሰው
እንደኛ አድሮበት ይሆናል የቀመሰው።

ከመሸሃ ማዶ የሚጠበቅ ጭነት፤
ሁለት በቅሎ ዱቄት፣ ከጎንደር ክትባት።
የሣጥኑ በረዶ ቀልጦ ሳይፈስ ልድረስ
ብዬ ጫንኩ በሌሊት፣ ፊቴን እንኳ ሳላብስ።
(በረዶ ለማዳን በረዶ መሻገር፤
ሳቄ መጣ ያኔ፣ ለማን ልናገር?)

ስካውቱ ጓንጉል ግን ጫማውን አላሰረም፣
ዳገቱን ያየዋል፣ አንድ ቃል አልተናገረም።
በዱላው ወጋ አርጎ ጆሮውን ደፋበት፤
«ስማ» አለኝ። ሰማሁ። ከበሮ አለበት።

«ላዩ የሌሊት ነው፣ ታቹን አይነካ፤
መሐሉ ደረቅ ጤፍ፣ ውሃ ያላቦካ።
ፀሐይ ትከሻውን ስትነካው በረፋድ፣
ኩታውን ሲያራግፍ አይመርጥም ዘመድ።»

«ታዲያ ተራርቀን አንድ በአንድ ብናልፍስ፣
ሳንጮህ፣ ሳናፏጭ፣ በቅሎም ሳናስነጥስ?»
ሳቅ አለ ጓንጉል። «ዳገት ጆሮ የለው፤
ሚዛን ነው ያለው፣ እግርህን ነው የሚመዝነው።
ዞረን በሸንተረር፣ ነፋስ በጠረገው።
ቀን በቀን ይተካል፤ አንተን በምን ልተካው?»

ዞርን። ሙሉ ቀን ፈጀ። በቅሎዬ አነከሰች።
የሣጥኑ ጥቂት በረዶ ጠብ ጠብ ብላ አለቀች።
ነርሷ እንጉዳይ ከፍታ ቴርሞሜትሩን አየች፤
«ለጥቂት ነው» አለች።
ደግሞም «ምን አቆያችሁ?» አለች።

ምን ልበላት?
ዳገቱ ያን ቀን አልወረደም።
በማግስቱም አልወረደም።
ፀሐይ ቀስ አድርጋ ላሰችው ሳምንት ሙሉ፤
ጭላዳ ሣር ጫረበት፤ ሳቁብን ሁሉ፣
«ጓንጉል አረጀ፣ ጥላውን ፈራ» ሲሉ።
ደባርቅ ጠጅ ቤት ስሙ ሲነሣ ዋለ፤
እሱ ብርሌውን አዙሮ «ጎመን በጤና» አለ።

ዛሬ ስካውቱ እኔ ነኝ፣ ዱላውን ወርሼ፤
በረዶ በጣለ ቁጥር፣ እዚያው ተመልሼ
እወጋለሁ። ጆሮዬን እደፋለሁ።
አንዳንዴ ከበሮ። አንዳንዴ ዝም።
ዝም ሲል ነው ይበልጥ የምፈራው።

«ያን ጊዜ ግን፣ እውነት፣ ጓንጉል አድኖሃል?»
ይሉኛል አዲሶቹ። አላውቅም።
የወረደን ናዳ መቃብር ይቆጥረዋል፤
ላልወረደው ምስክር ከየት ይመጣል?
እግሮቼን አያለሁ። ሁለት ናቸው። ይበቃል።