ጃንጥላው ቀረ

ሻንጣው ወለሉ ላይ አፉን ከፍቶ ያያል፣
ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ የሰጡትን ይበላል።
ቦዶ፣ ወደቡ አጠገብ፣ ከዓሣ ሱቁ በላይ፣
በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ነሐሴ ማብቂያ ላይ፣
ለደሴት እሰንቃለሁ።

"እዚያ ምን አለና?" ይሉኛል ሲጠይቁ፣
"ወፍና ድንጋይ ነው፣" ይላሉ እየሳቁ።
በካርታው ላይ ሳየው የዝንብ ኩስ መስሎኝ፣
በጥፍሬ ፋቅሁት፤ አልለቅም አለኝ።
ያን ቀን ነው የቆረጥኩ።

ገመድ ሃያ ክንድ፣ ክብሪት በላስቲክ ታስሮ፣
ሁለት የሱፍ ካልሲ፣ ሻማ፣ የዓሣ ቆርቆሮ፣
ፊሽካ፣ መርፌና ክር፣ ሦስት ወፍራም መጻሕፍት፣
ጃንጥላ ለዝናቡ፣ በሶ ለክፉ ዕለት።
ቦቱ ያገለገለ ነው፤ ውስጡ በጥቁር ቀለም
"አስላክ" ይላል፤ ሻጯን የት ሄደ አላልኳትም።

ማታ ላይ ሲግቫልድ፣ የጀልባው ጌታ መጣ፣
እንደ ኬላ ፈታሽ ጓዜን እያወጣ።
ሁለቱን መጻሕፍት አልጋዬ ላይ ጥሎ፣
"አንዱን ሦስቴ አንብበው፣" አለኝ ፈገግ ብሎ።
ቦቱን ገልበጥ አርጎ ስሙን አነበበ፤
ሊናገር ነበረ፤ ግን መልሶ አሰበ።
ጃንጥላዬን ሲያይ ግን ሳቁ አመለጠው፦
"ይህ እዚያ ሲዘረጋ ጃንጥላ አይባልም፤
ክንፍ ነው ወዳጄ፤ ገደሉም ሩቅ አይደለም።"
በሶውን ቀመሰ። ዝም አለ። ደገመ።
በሦስተኛው ማንኪያ "ይሂድ" ሲል ፈረመ።

በሩን ከያዘ በኋላ ዘወር አለና፦
"ለመሆኑ፣" አለኝ፣ "ትችላለህ ዋና?"

እኔ የመንዝ ልጅ፤ ውሃን በዘመኔ
ከጉልበቴ በላይ አላየሁት በዓይኔ።
ለማንም ሳልነግር፣ ማክሰኞና ዓርብ፣
በከተማው ገንዳ፣ በክሎሪን ድባብ፣
አርባ ሦስት ዓመቴን በቁምጣ አቅፌ፣
ከስድስት ዓመት ልጆች ኋላ ተሰልፌ፣
እንደ ባላንጣዬ ውሃውን ስደቃ፣
ኤስኪል የሚባል ልጅ፣ የፊት ጥርሰ ወላቃ፣
"ለምን ትመታዋለህ?" አለኝ፣ "ምን በድሎሃል?
በጀርባህ ተኛበት፤ እሱ ይሸከምሃል።"
ተኛሁ። ጆሮዬ ሞላ። ጣሪያው ዘገየ።
ለመጀመሪያ ጊዜ ክብደቴ ከእኔ ተለየ።

"ትንሽ፣" አልኩት ፈርቼ። "ትንሽ ይበቃል፣" አለ፤
"ሲሰጥም ያየሁት፣ እችላለሁ ያለ።"

ንጋት ላይ ሬዲዮው ማዕበል አወራ፤
እስከ ሐሙስ ድረስ ባሕሩ ባለ ተራ።
መስኮቱን ብከፍት ወደቡ ጭው ብሏል፣
የጀልባው ገመድ ያፏጫል፣ ወፉም ተሸሽጓል።
ደሴቷ ከማዶ፣ ከጉሙ ጀርባ ናት፤
መምጣቴን እስካሁን ማንም አልነገራት።

ሻንጣዬን ቆለፍኩት። ጃንጥላው አኩርፎ
ቆሟል ከበሩ ጥግ፣ ግድግዳ ተደግፎ።
እኔም ከነቦት ጫማዬ አልጋው ላይ ወጥቼ
ተኛሁ በጀርባዬ፣ ክንዴን ዘርግቼ፣
ሐሙስ እስኪሸከመኝ።