መርፌው

በቤተስዳ፣ በሰሜን ዌልስ፣ ሰሌዳ ድንጋይ ከሚፈለጥበት፣
ዝናብ እንደ አበዳሪ ማልዶ በር ከሚያንኳኳበት፣
ባሌ ኢድዋል ከጓሮ፣ ከቆርቆሮው ቤት፣
መኪና ይሠራል፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት።

ልጅ ሆኖ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ከመንገድ ዳር ቆሞ ሳለ፣
አንዲት ቀይ የእሽቅድምድም መኪና አለፈችው፤ ልቡ ከኋላዋ ኮበለለ።
ዋጋዋን ሰማን ኋላ፤ ቤታችንን ከነጎረቤቱ ብንሸጥ አንገዛትም፤
«ያልገዟትን ይሠሯታል» አለ፤ «ብረት ከሰው አይበልጥም።»

ሞተሯ ከተገለበጠ ታክሲ፣ መሪዋ ከጨረታ፣
ገላዋ ፋይበር ግላስ፣ በሙጫ የተያያዘ፣ በሌሊት፣ በዝግታ።
ምድጃዬ ላይ ቀለም ሲደርቅ፣ በድስቴ ቡሎን ሲቀቀል፣
«ጨው አንሶታል» እላለሁ እንጂ፣ ሌላ ምን ልል?

ጎረቤት መጥቶ «አስመሳይ ናት» ሲለው፣ ጨርቁን እየጨመቀ፣
ባሌ አልተቆጣም፤ ሳቀ።
«አባትህን የሚያውቅ አንተን ሲያይ ምን ይላል? አፍንጫህ ያው አፍንጫው፤
ሁላችን ቅጂ ነን ጎበዝ፤ ዋናውን ማን አየው?»

ግን ጌቲን የሚባል ነበር፣ ከኮረብታው ግርጌ፣ ጀልባ የሚሠራ፤
ሃያ ዓመት ሲልግ፣ ሲጠርብ፣ ከእንጨቱ ጋር ሲያወራ።
«አለቀች!» ብሎ አንድ ማክሰኞ መዶሻውን ሰቀለና ሳቀ፤
በተከታዩ ወር፣ ያው ማክሰኞ፣ ጌቲን ራሱ አለቀ።

ቃሉን ፈራሁት ከዚያ ወዲህ፤ ይህን «አለቀ» የሚሉትን፣
ሥራንም ሠሪንም ባንድ አፍ የሚጨርሰውን።

ባለፈው መስከረም፣ ሁሉ ተገጥሞ ጥቂት ሲቀር፣
የካርቡራተሯን መርፌ፣ ከክብሪት እንጨት የቀጠነችውን፣ በመሐረብ ጠቅልዬ
ወሰድኳት። አዎ፣ ሰረቅሁ።
ከስፌት ሣጥኔ ከተትኳት፣ ከመርፌዎቼ ቀላቅዬ።

ኢድዋል ወለሉን ጠረገ፤ ኪሱን ሁሉ ገለበጠ።
ሌላ ያስመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላስመጣም፤ ተቀመጠ።
ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። ጧት ይወጣል፣ ክሮሟን ይወለውላል፤
ማታ ይገባል፤ «አንዲት ነገር ቀርታለች» ይላል።
እኔም ካልሲውን እየጠቀምኩ፣ ቀና ሳልል፦ «ይሁን።»

የከተማችን ስም ከጸሎት ቤቱ ነው፣ የጸሎት ቤቱም ከዚያ ኩሬ፣
ሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ ሰው ከዳሩ ከተኛበት። በየካቲት፣ እሑድ፣ ከወንበሬ
ሆኜ ስሰማ ሰባኪውን፣ አንዲት ነገር ወጋችኝ፦
በሽተኛው አስቀድሞ የተጠየቀው መዳን መፈለጉን ነው። አላስተኛችኝ።

ሌሊት ሣጥኑን ከፈትኩ። መቀስ፣ ቁልፍ፣ የክር ቁራጭ ብዛት።
መርፌዋ አለች። ጣቴ ግን ወዛ፤ ተቀብታለች ዘይት።
መሐረቡም የኔ አይደለም፤
የሱ ነው፤ ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ ታጥፏል አራት።

«መቼ አገኘሃት?» አልኩ። ነቅቶ ኖሯል። «በጥቅምት፤ የሸሚዜ ቁልፍ ተበጥሶ።
ያንቺ ሁሉ ነጭ ነው፤ የኔዋ ናስ፣ ቢጫ።»
«ታዲያ?» ዝናቡ ጣራውን መታ።
«ጌቲንን ያሰብሽው አንቺ ብቻ ነሽ?» አለኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ።

ሳይነጋ፣ በሌሊት ልብሳችን ላይ ካፖርት ደርበን ወጣን።
እኔ መብራት ያዝኩ፤ እሱ ገጠማት፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ ዝም አልን።
ቁልፉን አዞረ፤ ሳለች፤ ደገመ፤ ጭስ ተፋች፤ የሰው ውሻ አላዘነ፤
በሦስተኛው ሞተሩ ተነሣ።
ተነሣ! ቆርቆሮው ሁሉ ዘፈነ።

መርማሪው ሚስተር ፕሮሰር ፍሬኗን ረግጦ፣ መብራቷን አይቶ፣
«የተሠራችበት ዓመት» ከሚል መስመር ላይ ቆመ፣ ብዕሩን አንሥቶ።
«ሞተሯ የዚያን ጊዜ፣ ገላዋ የትናንት፤ ዕድሜዋን ስንት ልበል?»
ለእንዲህ ያለችው ሕጉ አንድ ፊደል አለው፤ «ዕድሜዋ አልታወቀም» የሚል።
ታርጋዋ ላይ ተለጠፈች። «ለኛም ትርፍ ካለህ» አልኩት።

ወደ ባሕሩ ወረድን። ጣሪያ የላትም፤ ዝናቡ እንደ ልማዱ መጣ፤
ሻሼን ነፋስ ወሰደው፤ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ጠጣ ቀሚሴ፣ ጠጣ።
ከወደ ኋላ አንድ ነገር ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ኢድዋል ጆሮውን አቀና፤
«ትሰሚያለሽ?» አለኝ፤ ፊቱ በራ፤
«ገና ናት እኮ! ገና!»