ሆዱ ውስጥ ምን አለ?

ዓርብ ጠዋት ሙሐረቅ፣ ከጓሮው ቧንቧ ሥር፣
ሳፋ ሙሉ ዓሣ ይዤ ቁጭ ስል ከግንቡ አጥር፣
ሽማግሌው ዳዒጅ ዱላውን አስቀድሞ
ይመጣል እያዘገመ፣ እየቆመ ደግሞ፤
ጥላውን በእግሩ ፈልጎ፣ ተቀምጦ፣ እፎይ እያለ፣
«ሆዱ ውስጥ ምን አለ?»

ዓይኑን ሞራ ከጋረደው አምስት ዓመት አለፈው፤
ባሕሩን ግን ዛሬም በዓሣ ሆድ ነው የሚያየው።
አሸዋ ነው ካልኩት፣ «ከወደ ሰሜን ነው» ይላል፤
የዛጎል ስባሪ ካልኩት፣ «ድንጋዩ ጋ ነው» ይላል፤
ሣር ካልኩት ግን ቦታ አይጠራም፣ ዝም ብሎ ፈገግ ይላል።
ሣሩን ያውቀዋል፤
በልጅነቱ ከአባቱ ጋር የዘንባባ ዝንጣፊ አጥሮ
ውሃው ሲሸሽ ዓሣ የለቀመበት ነው፣ እንደ በግ ከጉረኖ ቆጥሮ።

ቢላው ገባ። አንጀቱ ጣቴ ላይ ተጠቀለለ፤
ሰማያዊ ክር አለበት፣ ከመረብ የተነጠለ፣
የሃይላንድ ክዳን ስባሪ፣ እንደ ወተት ጥርስ የሾለ፣
አንድ አረንጓዴ ነገር ደግሞ፣ ስስ፣ ተደርቦ የታጠፈ፤
ቧንቧ ከፍቼ ስዘረጋው
ፌስታል።

እኛ ሰፈር «ቆራሌው!» እያለ የሚዞር ሰው ነበረ፤
ለስንጥቅ ባልዲ፣ ለባዶ ጠርሙስ፣ በሳንቲም የተከራከረ።
ይሄ ዓሣ ግን ማን ጠርቶት፣ ምን ከፍሎ፣
ጆንያ ቢያጣ በሆዱ የሸከፈው ሁሉን ጠቅልሎ?

ባለፈው ሳምንት ባሕሩ ዳር፣
ልጆቹ ቺፕሳቸውን ጨርሰው፣ እኔ ዕቃ ስሰበስብ፣
ነፋስ አንድ ፌስታል ከእጄ ነጠቀኝ።
ሁለት እርምጃ ሮጥኩ። እመቤቴ «ተይው» አለችኝ።
ተውኩት።
ቀለሙ ምን ነበር? ነጭ ይመስለኛል።
ነጭ ቢሆን ይሻለኛል።

ዳዒጅ ይጠብቃል። ጆሮው ወደኔ ነው፣ ዱላው በጉልበቱ መሃል።
ውስጥ ሩዙ ይንተከተካል።
«አረንጓዴ ነው» አልኩት።
በቀለሙ አልዋሸሁም።
«ሣር!» አለ፤ ፊቱ በራ፤
«አላልኩም? ሞተ አሉኝ እንጂ ሣሩ አልሞተም!»

ሦስቴ አጠብኩት፤ በሎሚ፣ በጨው፣ እንደገና በሎሚ።
ምሳ ላይ እሾሁን ለቅሜ፣
የጀርባውን ሥጋ ለሱ አስቀድሜ
ሰጠሁት። ቀስ ብሎ አላመጠ።
«የሣሩ ጣዕም አለው» አለ።

ቀና ብዬ አላየሁትም።
ማድቤት ገባሁና፣ እንደቆምኩ፣
ድርሻዬን በላሁ።